የሞንቴፊዮሬ የነፋስ ወፍጮ በኢየሩሳሌም፤ ታሪኩና እድሳቱ

ከጥንታዊቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ፣ ከጽዮን ተራራ በስተምዕራብ፣ የሄኖምን ሸለቆ ቍልቍል በሚመለከት ዳገት ላይ አራት ክንፎች ያሉት አንድ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ይህ ግንብ የነፋስ ወፍጮ ነው፤ በአሠሪውም ስም የሞንቴፊዮሬ ወፍጮ ይባላል። የተሠራው በ1857 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከተሠራ ወዲህ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አልፏል፤ በመጀመሪያው የሥራ ዘመኑ እህል የፈጨው ግን ወደ ሃያ ለሚጠጉ ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው ዕድሜ በሚበልጥ ዘመን ሥራ ፈትቶ ቈይቷል። ሆኖም ከተማዪቱ አልጣለችውም፤ በየዘመኑ ያስተዳደሯት መንግሥታት ሲለዋወጡ እርሱ ሦስት ጊዜ ታድሷል።

ለዱቄት ሲባል የማይፈለግ መሣሪያ ሦስት ጊዜ መታደሱ ምርመራ የሚገባው ነገር ነው። አንድ የቆየ የሥራ ቤት ሲታደስ የሚታደሰው ምኑ ነው? መልኩ ነው፣ ያሠራው ሰው መታሰቢያ ነው፣ ወይስ ሥራው? የኢየሩሳሌሙ ወፍጮ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ልዩ ልዩ መልሶችን ስለሚሰጥ፣ ከአነስተኛነቱ ይልቅ ትምህርቱ የሚበዛ ነው።

ስለ ነፋስ ወፍጮ አመጣጥ

እህልን በድንጋይ መፍጨት ከእርሻ ጋር አብሮ የኖረ ሥራ ነው። መጀመሪያ ኀይሉን የሚሰጠው የሰው ክንድ ነበር። በኢትዮጵያ የባላገር ቤት የታወቀው ወፍጮ፣ ሴቲቱ አጐንብሳ መጁን ወደፊትና ወደኋላ የምትገፋበት፣ ለዚህ ጥንታዊ ሥርዐት ሕያው ምስክር ነው። ከዚህ ቀጥሎ እንስሳ፣ ቀጥሎም ወራጅ ውሃ የሰውን ክንድ ተክተዋል። ነፋስ ለዚህ ሥራ የተገራው ከሁሉ በኋላ ነው።

በጽሑፍ ምስክር ካላቸው የነፋስ ወፍጮዎች ጥንታውያኑ በምሥራቃዊ ፋርስ፣ ሲስታን በሚባለው አውራጃ የነበሩት ናቸው። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የዐረብኛ ጸሓፊዎች ስለ እነርሱ ተርከዋል። የእነዚህ ወፍጮዎች ዘንግ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን ክንፎቹ በዙሪያው የተተከሉ ነበሩ። በአውሮፓ ግን ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የታየው ወፍጮ ዘንጉ የተጋደመ፣ ክንፎቹም ፊት ለፊት የተዘረጉ ነው። ነፋስ አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር ክንፎቹ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ማዞር ስላለባቸው፣ በመጀመሪያ መላው የእንጨት ቤት በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ እንዲዞር ይደረግ ነበር። በኋላ ግንቡ በድንጋይ ወይም በጡብ እንዳይንቀሳቀስ ሆኖ ተሠርቶ፣ የሚዞረው ከላይ ያለው ጕልላት ብቻ ሆነ።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በዚህ መሣሪያ ላይ ሁለት ታላላቅ ማሻሻያዎች ጨመሩ። በ1745 ኤድመንድ ሊ የተባለ ሰው ጕልላቱን ያለ ሰው እርዳታ ወደ ነፋስ የሚያዞር፣ ከኋላ እንደ ጅራት የሚተከል ትንሽ መንኰራኵር ፈለሰፈ። በ1807 ደግሞ ዊልያም ኪዩቢት በክንፎቹ ላይ ይዘረጋ የነበረውን ሸራ ትቶ፣ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ሳንቃዎችን በክንፉ ርዝመት አሰለፈ። እነዚህ ሳንቃዎች ወፍጮው ሳይቆም በአንድነት ሊከፈቱና ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ፈጪው በማዕበል ጊዜ ክንፍ ለክንፍ እየተንጠላጠለ ሸራ ከመጠቅለል ድካም ዳነ። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው የኬንት አውራጃ ይህን የመሰሉ ወፍጮዎች በብዛት የቆሙበት አገር ነበር። የኢየሩሳሌሙ ወፍጮ የተወለደውም ከዚሁ አውራጃ ነው።

የኢየሩሳሌም የዱቄት ችግርና የሞንቴፊዮሬ ሐሳብ

በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ኢየሩሳሌም በኦቶማን መንግሥት ሥር የነበረች፣ ሕዝቧም ማታ ማታ በሮቹ በሚቈለፉ ቅጥር ውስጥ ተጣቦ የሚኖርባት ከተማ ነበረች። ከተማዪቱ በተራራ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች ወፍጮ ሊያዞር የሚችል ወራጅ ወንዝ የላትም። ስለዚህ እህሉ የሚፈጨው በእጅ ወይም እንስሳ በሚያዞረው ወፍጮ ነበር። እንስሳው መኖ፣ ወፍጮውም ኪራይ ስለሚጠይቅ የዱቄት ዋጋ ለድኻው ከባድ ነበር።

በተለይ የአይሁድ ማኅበረ ሰብ አብዛኛው ክፍል በድኽነት የሚኖር ነበር። በጸሎትና ሕግ በመማር የሚኖሩት ብዙዎች፣ በልዩ ልዩ አገሮች ከተበተኑት ወገኖቻቸው እየተሰበሰበ የሚላክ ሐሉካ የሚባል ምጽዋት ይጠብቁ ነበር። ምጽዋቱ ሲዘገይ ወይም ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ረኃብ ይመጣል። ይህ አኗኗር ይቀጥል ዘንድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር፣ በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድ ከተነሡት ታላላቅ ጥያቄዎች አንዱ ሆነ።

ሰር ሞሰስ ሞንቴፊዮሬ በዚህ ክርክር ውስጥ የራሱ አቋም ነበረው። በ1784 በጣልያን አገር በሊቮርኖ ከተማ ተወልዶ በለንደን በንግድና በገንዘብ ሥራ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ የቀረውን ረጅም ዕድሜውን በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩትን አይሁድ ለመርዳት አዋለው፤ የሞተውም በ1885 መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ከ1827 እስከ 1875 ባለው ጊዜ ወደ ቅድስት አገር ሰባት ጊዜ ተጓዘ። በእነዚህ ጕዞዎች የተመለከተው ችግር፣ ምጽዋት ብቻውን ሰውን እንደማያቆም አስረዳው፤ ስለዚህ ሠርቶ የሚበላበትን መሣሪያ ለሕዝቡ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሰበ። ወፍጮው የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ርካሽ ዱቄት ለድኻው፣ የሥራ ቦታ ለሠራተኛው ይገኛል ተብሎ ተስፋ ተደረገ።

ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከሩቅ መጣ። በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይኖር የነበረው ነጋዴ ይሁዳ ቱሮ በ1854 ሲሞት፣ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩ ድኾች አይሁድ መርጃ የሚሆን ብዙ ገንዘብ ተናዝዞ ነበር። የኑዛዜው ፈጻሚ ሆኖ የተመረጠውም ሞንቴፊዮሬ ነው። በ1855 ሞንቴፊዮሬ ከኦቶማኑ ሡልጣን ከአብዱል መጂድ ልዩ ፈቃድ አግኝቶ፣ ከቅጥሩ ውጭ በስተምዕራብ ያለውን መሬት ገዛ። የውጭ አገር ሰዎች በኦቶማን ግዛት መሬት እንዲገዙ በጠቅላላ ሕግ የተፈቀደው በ1867 ስለ ሆነ፣ ይህ ግዢ በዘመኑ እንደ ትልቅ ነገር የሚቈጠር ነበር። መሬቱ መጀመሪያ ለሆስፒታል ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለውጦ በ1857 ወፍጮው፣ በ1860 ደግሞ ሚሽኬኖት ሻአናኒም የተባለው የድኾች መኖሪያ ተሠራበት።

የወፍጮው አሠራር

ሞንቴፊዮሬ በኬንት አውራጃ በራምስጌት ከተማ መኖሪያ ነበረው። ወፍጮውን እንዲሠሩ የመረጣቸውም በዚያው አውራጃ በካንተርበሪ ከተማ የሚገኙትን፣ ሆልማን ወንድማማቾች የተባሉትን የወፍጮ ባለሙያዎች ነው። ስለዚህ ወደ ኢየሩሳሌም የተላከው መሣሪያ አሠሪው በሚኖርበት አውራጃ የተለመደውና የተመሰገነው ዓይነት ነበር። ይህ ነገር በኋላ ለደረሰው ሁሉ ምክንያት ስለ ሆነ መታወስ ያለበት ነው።

ብረቱና እንጨቱ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ በመርከብ ወደ ያፋ ተላከ። ያፋ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት ወደብ ስላልነበራት ጭነቱ ከባሕር ላይ በጀልባ ይወርድ ነበር። ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ ሠረገላ የሚሄድበት መንገድ አልተሠራም። ስለዚህ ከባዱ መሣሪያ ሁሉ በግመል ጀርባ ተራራውን ወጣ፤ ይህም አራት ወር ያህል እንደ ወሰደ ይነገራል። ግንቡ ግን ከአገሩ ድንጋይ ተጠርቦ ተሠራ። ከታች የግድግዳው ውፍረት ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ቁመቱም አሥራ አምስት ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሆኖ አካሉ ኢየሩሳሌማዊ፣ ራሱና ክንፉ እንግሊዛዊ የሆነ ሕንጻ ቆመ።

የአሠራሩ ሥርዐት የሚከተለው ነው። አራቱ ክንፎች የኪዩቢት ሳንቃዎች የተሰለፉባቸው ሲሆኑ፣ ከጕልላቱ በስተኋላ የሊ ትንሽ መንኰራኵር ተተክሎ ነበር። ነፋሱ ከጐን ሲመጣ ትንሹ መንኰራኵር ይዞርና ጕልላቱን በጥርስ አማካይነት ጥቂት በጥቂት ይገፋዋል፤ ክንፎቹ ፊታቸውን ወደ ነፋስ ባዞሩ ጊዜም ራሱ ይቆማል። ክንፎቹ የተተከሉበት የተጋደመ ዘንግ በጕልላቱ ውስጥ አንድ ታላቅ ባለጥርስ መንኰራኵር ያዞራል። ፍሬኑ የሚይዘውም ይህንኑ መንኰራኵር ነው። ይህ መንኰራኵር ኀይሉን በግንቡ መካከል ቀጥ ብሎ ለሚወርደው ዘንግ ያስረክባል፤ ከዚያም ሌሎች መንኰራኵሮች ተቀብለው ለድንጋዮቹ ያደርሱታል።

የወፍጮ ድንጋዮቹ ሁለት ጥንድ ነበሩ። ከእያንዳንዱ ጥንድ የታችኛው ድንጋይ አይነቃነቅም፤ የላይኛው ይዞራል። እህሉ በላይኛው ድንጋይ ቀዳዳ ገብቶ በሁለቱ መካከል እየተፈጨ ወደ ዳር ይወጣል። የድንጋዮቹ ፊት ቦይ ቦይ ሆኖ የተቀረጸ ሲሆን፣ ሲያልቅ እንደ ቤት ወፍጮ ሁሉ መወቀር አለበት። ከዚህም በላይ ስንዴውን የሚያበጥሩና ዱቄቱን በወንፊት የሚለዩ መሣሪያዎች በዚሁ በነፋሱ ኀይል ይሠሩ ነበር። በጠቅላላው ወፍጮው በዘመኑ ከተሠሩት ሁሉ የማያንስ፣ ጕድለት የማይገኝበት መሣሪያ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሥራው የተቋረጠበት ምክንያት

መሣሪያው ጕድለት ሳይኖርበት ያልተሳካለት ስለ ምንድን ነው? ምክንያቶቹ አራት ናቸው፤ አራቱም ከመሣሪያው ይልቅ ከቦታው ጋር የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው የነፋሱ ነገር ነው። ኬንት ከባሕር ዳር ያለ አገር ስለ ሆነ ነፋሱ ብርቱ ነው። በኢየሩሳሌም ግን በበጋ ወራት ነፋሱ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ተነሥቶ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ወፍጮውን በሚገባ ለማዞር የሚበቃ ብርቱ ነፋስ የሚገኝባቸው ቀኖች በዓመት ከሃያ እንደማይበልጡ የገመቱ አሉ። ግምቱ ቢጋነን እንኳ፣ ነፋሱ እንደ ታሰበው አለመሆኑን ያስረዳል።

ሁለተኛው የስንዴው ጠባይ ነው። ድንጋዮቹና መንኰራኵሮቹ የተለኩት በአውሮፓ ለሚበቅለው ለስላሳ ስንዴ ነው። የአገሩ ስንዴ ጠንካራ ስለ ሆነ ለመፍጨት የበለጠ ኀይል ይፈልጋል። እንግዲህ በአንድ ወገን ነፋሱ አነሰ፣ በሌላ ወገን ሥራው ከበደ፤ ጕድለቱ በሁለት በኩል ተደራረበ።

ሦስተኛው የእጅ ጥበብ ነው። የነፋስ ወፍጮ በየጊዜው የሚጠግነው፣ ድንጋዩን የሚወቅር፣ የተሰበረውን የመንኰራኵር ጥርስ የሚተካ ባለሙያ ከአጠገቡ ካልኖረ አይኖርም። በኬንት ይህን ሥራ ከአባት ወደ ልጅ እየተቀበሉ የሚኖሩ ነበሩ። በኢየሩሳሌም ግን አንድ ብረት ቢሰበር ባለሙያውም ምትኩም የሚገኘው ከባሕር ማዶ ነበር። መሣሪያው በግመል መጣ፤ ጥበቡ ግን በግመል የሚጫን አልነበረም።

አራተኛውና የመጨረሻው እንፋሎት ነው። በ1878 በኢየሩሳሌም በእንፋሎት ኀይል የሚሠራ ወፍጮ ሲቆም፣ ነፋስ እስኪነሣ መጠበቅ ትርጕም አጣ። በዚያ ዘመን በነፋስ ተስፋ ያደረገ ሞንቴፊዮሬ ብቻ አልነበረም። የግሪክ ኦርቶዶክስ መንበረ ፓትርያርክም በ19ኛው መቶ ዓመት ዛሬ ረሐቭያ በሚባለው ሰፈር ሌላ የነፋስ ወፍጮ አሠርቶ ነበር፤ እርሱም መፍጨቱን ትቶ ግንቡ ለሌላ አገልግሎት ውሏል።

በወፍጮነቱ ባይሳካለትም በሌላ ነገር ግን ቀዳሚ ሆነ። በሚሽኬኖት ሻአናኒም መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ሌሊት ከቅጥሩ ውጭ ማደር ይፈሩ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሕዝቡ ከቅጥሩ እየወጣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በወፍጮው ዙሪያ የሚን ሞሼ የተባለው ሰፈር ተመሠረተ፤ ስሙም ለሞንቴፊዮሬ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። ከቅጥሩ መውጣት የአይሁድ ብቻ ታሪክ አይደለም። በከተማዪቱ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኢትዮጵያውያን ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን በ1880ዎቹ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን በ1893 መፈጸሙ፣ የዚሁ የመውጣት ዘመን አካል ነው። ወፍጮው የቆመበት ዳገት የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መነሻ ከሆኑት ስፍራዎች አንዱ ነው።

ስለ ወፍጮው የሚነገሩ ታሪኮች

በወፍጮው ላይ የተነገሩት አፈ ታሪኮች ከፍርስራሹ ያላነሰ ቁም ነገር አላቸው። አንደኛው ታሪክ የሚለው፣ የከተማዪቱ ነባር ፈጪዎች እንጀራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ወፍጮውን የሚራገም ሰው ቀጠሩ፤ ሰውየውም ዝናብና ነፋስ ጠራርጎ ይውሰደው ብሎ ረገመው። ክረምቱ አልፎ ግንቡ ሳይነካ በተገኘ ጊዜ ግን ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ተባለ። ሁለተኛው ታሪክ የሚለው፣ ለመሣሪያው ማለስለሻ የመጣውን ዘይት ሠራተኞቹ እየላሱ ስለ ጨረሱት መሣሪያው በሰበቃ እንዳይቃጠል ተሰጋ፤ ስለዚህ እንዳይነኩት የአሳማ እግር በዘይቱ ውስጥ ተጨመረ።

እነዚህ ታሪኮች እንደ ተጻፈ ሰነድ የሚታመኑ አይደሉም፤ ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። የርግማኑ ታሪክ በቀልድ መልክ እውነተኛ ነገር ይዞ ቈይቷል፤ ይኸውም አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚጐዳ መኖሩን ነው። ርካሽ ዱቄት ለድኻው በረከት ነው፤ በእንስሳ ወፍጮ ለሚኖረው ግን ስጋት ነው። የእነዚህ ፈጪዎች ስም በማናቸውም ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም፤ ሥጋታቸው የተረፈው በዚህ ታሪክ ውስጥ ብቻ ነው። የዘይቱ ታሪክ ደግሞ ከሠራተኛው ይልቅ ስለ ተራኪው ይናገራል። የመሣሪያውን አለመሳካት በአገሬው ሰው ላይ የሚያላክክ ስለ ሆነ፣ የነፋሱንና የስንዴውን ነገር ለሚረሳ ሰው ምቹ ምክንያት ሆኖለታል።

ሦስተኛው ታሪክ ከ1948 ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ የሞግዚትነት አስተዳደር ሊያበቃ ሲቃረብና በከተማዪቱ ውጊያ ሲነሣ፣ ሃጋና የተባለው የአይሁድ ጦር በወፍጮው ራስ ላይ የጥበቃ ቦታ አበጀ። እንግሊዞችም ወፍጮው እንዲፈርስ አዘዙ። እንደሚነገረው ለዚሁ የተላኩት ወታደሮች የራምስጌት ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የአገራቸውን ታላቅ ሰው ስም በበሩ ላይ ባዩ ጊዜ ግንቡን ትተው የላይኛውን የጥበቃ ቦታ ብቻ አፈረሱ። ነገሩ በዚህ ዝርዝር ቢሆንም ባይሆንም ግንቡ ተርፏል። ሕዝቡም የወፍጮውን መመታት ከነፋስ ወፍጮ ጋር ከተዋጋው ከስፔናዊው የልብ ወለድ ባላባት ጋር አመሳስሎ «የዶን ኪኾቴ ዘመቻ» ብሎ ቀለደበት።

ሦስቱ እድሳቶች

የመጀመሪያው እድሳት የተደረገው በ1930ዎቹ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተተወው ግንብ ተጠርጎ፣ በራሱ ላይ ክንፎች ተተከሉለት። ክንፎቹ ግን ለጌጥ የተሠሩና የማይዞሩ ነበሩ። ከሩቅ ለሚያየው ወፍጮ መስሎ ይታያል፤ ነፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ለእርሱ አንድ ነው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ የታደሰው መልኩ ነው። ይህም የከተማዪቱን የጥንት ገጽታ መጠበቅ ዋና ነገር አድርጎ ከያዘው ከአስተዳደሩ አስተሳሰብ ጋር የሚስማማ ነበር።

ሁለተኛው የተደረገው ከ1967 ጦርነት በኋላ ነው። ከ1948 እስከ 1967 የሚን ሞሼ ሰፈር የተኩስ አቁም መሥመሩ ዳር ሆኖ ከፊት ለፊቱ ባለው ቅጥር ለሚተኰስ ጥይት የተጋለጠ፣ ድኻ የሚኖርበት ስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ታደሰ፤ ሚሽኬኖት ሻአናኒምም ለደራሲዎችና ለሥነ ጥበብ ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ለወፍጮውም የናስ ጕልላት ተደረገለት፤ በውስጡም የሞንቴፊዮሬን ሕይወት የሚያሳይ ትንሽ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በዚህ ጊዜ የታደሰው የአሠሪው መታሰቢያ ነው። ሕንጻው ሐውልት ሆነ፤ ስለ ዱቄት የሚናገር ነገር ግን በውስጡ አልነበረም።

ሦስተኛው የተፈጸመው በ2012 ነው። የዚህ እድሳት ዐሳብ ከቀደሙት ይለያል፤ ይኸውም ክንፎቹ በነፋስ እንዲዞሩና ድንጋዮቹ እንዲፈጩ ለማድረግ ነው። ገንዘብ በማሰባሰብ ዋናውን ድርሻ የያዘው «ክርስቲያኖች ለእስራኤል» የተባለ የኔዘርላንድ ማኅበር ነው። የመጀመሪያው የ19ኛው መቶ ዓመት ንድፍ በለንደን በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ ስለ ነበር፣ የጠፋው ጕልላትና መሣሪያ በግምት ሳይሆን በንድፉ መሠረት እንደ ገና ሊሠራ ቻለ። ሥራው በኔዘርላንድ የወፍጮ ባለሙያዎች እጅ ተፈጽሞ ነሐሴ 28 ቀን 2012 (እንደ አውሮፓውያን) የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ በተገኙበት ተመረቀ።

ባለሙያዎቹ ከኔዘርላንድ መምጣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር የነፋስ ወፍጮዎችን የሚጠብቅ ማኅበር የተቋቋመው በ1923 ነው፤ የፈጪነትም ጥበብ ከሽማግሌ ወደ ወጣት እንዲተላለፍ ተደርጓል። በ2017 የዩኔስኮ ድርጅት በነፋስና በውሃ ወፍጮ የሚፈጩትን የኔዘርላንድ ባለሙያዎች ጥበብ በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚህ መዝገብ የገባው ግንቡ ሳይሆን የሰውየው ዕውቀት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

በዚህ እድሳት ላይ አንድ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ግንቡ የ1857 ነው፤ ጕልላቱ፣ ክንፎቹ፣ ዘንጉና መንኰራኵሮቹ ግን የ2012 ናቸው። ታዲያ ይህ ጥንታዊ ወፍጮ ነው ወይስ በጥንታዊ ግንብ ላይ የቆመ አዲስ ወፍጮ? አሮጌውን ነገር ሳይነኩ ማቈየትን ብቻ እንደ እድሳት የሚቈጥሩ ሰዎች የኋለኛውን ይመርጣሉ። ቢሆንም ወፍጮ እንደ ሐውልት ወይም እንደ ብራና አይደለም። በሥራ ዘመኑ እንኳ ክንፉ ሲሰበር ይተካል፤ ጥርሱ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ሲለሰልስ ይወቀራል። አካሉ በየጊዜው እየተለወጠ የሚቀጥለው ሥርዐቱ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ በ1930ዎቹ የተተከሉት የማይዞሩ ክንፎች ዕድሜያቸው ቢቀድምም፣ ከወፍጮነት የራቁት እነርሱ ናቸው።

በሌላ ወገን ግን የ2012ቱ እድሳት ቀድሞ የነበረውን ችግር አላስወገደም። የኢየሩሳሌም ነፋስ ያው ነው፤ ስንዴውም ያው ነው። ሞንቴፊዮሬ ያሰበው ርካሽ ዱቄት ከዚህ ግንብ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከተማዪቱም አትፈልገውም። የታደሰው ሥራ እንጂ የሥራው አስፈላጊነት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚታየው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው የአንድ ሰው መልካም ሐሳብ፣ ሁለተኛው ያ ሐሳብ ከአገሩ ጠባይ ጋር ሳይመዛዘን በመምጣቱ የደረሰበት ዕንቅፋት። ወፍጮውን የሚያስጐበኝ ሰው የመጀመሪያውን ነግሮ ሁለተኛውን ቢተው ታሪኩን በእኩሌታ አጕድሏል።

ይህ ትምህርት ለኢየሩሳሌም ብቻ የሚቀር አይደለም። ከሌላ አገር መሣሪያ የሚያስመጣ ማንኛውም ሕዝብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች በዚህ ግንብ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ፤ መሣሪያው የሚፈልገው ኀይል በአገሩ አለን? የተለካው ለአገሩ እህል ነውን? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው? በመምጣቱ እንጀራውን የሚያጣው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በ1857 በሚገባ አልተመረመሩም፤ መልሳቸውን የሰጠው ሃያ ዓመት የማይሞላ የሥራ ዘመን ነው።

እንዲሁም የእጅ ሥራ ቅርስ ለሚያጠኑ ሰዎች ወፍጮው ሌላ ነገር ያመለክታል። ንድፉ በለንደን ተጠብቆ ባይገኝ፣ ንድፉን አንብቦ እንጨቱን የሚያገጣጥም ባለሙያም በኔዘርላንድ ባይኖር፣ የ2012ቱ እድሳት ሊደረግ ባልቻለም ነበር። ግንቡ በድንጋይነቱ ብቻውን ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ኖሯል፤ ወፍጮ ሊሆን የቻለው ግን ወረቀቱና የሰው እጅ በተጨመሩለት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን በየገጠሩ ወፍጮና መጅን ጠርቦ የሚያወጣ፣ ወቅሮም የሚያስተካክል ሰው ያለው ዕውቀት እንደ ድንጋዩ ብዙ ዘመን የሚቈይ አይደለም፤ ያ ሰው ሳለ አሠራሩ፣ መለኪያውና የየክፍሉ ስም ተጠይቆ መጻፍ ይገባዋል።